ያ ቄስ አረጋ ነው

የለም፣ አላበድኩም! ፊልምና እውነት የማልለይ መሰልኳችሁ እንዴ? ቪዲዮ ቤቱ ገና በሸራ ተወጥሮ ሳለ ጀምሮ ስንቱ ሲሞት ያየሁ ሰው ነኝ።

ንጋቴ፣ የልጅ ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጨጓራሽ ተወሽ? የአክስትሽ የይማርሽ ወገብስ? እኔ አሸተን ማርያም ትመስገን፣ ጉልበቴ ነው እንጂ የደከመው ምላሴ ደህና ነው። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ግን ድምፅሽ ራበኝ። ጎረቤቴ ባንችይርጋ ይሄን ስጽፍ አይታ፣ «እማማ፣ የሞተ ሰው ጤናው ይጠየቃል?» ብላ እንባዋን ጠረገች። ሰማሽ? ሞተሻል እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እናንተ ካላችሁበት ከወልድያ የመጣ ሹፌር ስልኩ ላይ አጭር ቪዲዮ ይዞ መጣ። አንቺ ተከፍነሽ ቃሬዛ ላይ ተኝተሻል፤ ሴቶች ደረት ይመታሉ፣ ቄስ ከራስጌሽ ቆሟል። ድምፅ የለው፣ መነሻ የለው፣ መጨረሻ የለው። ገበያተኛው ሁሉ ተሻምቶ አየው። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግብኛል።

እኔ ግን ገና ሳየው፣ «ያ ቄስ አረጋ ነው!» አልኩ። አረጋ፣ ያ ፊልም ላይ ሁሌ ክፉ ሆኖ የሚሠራው! ወንድሙን ጉድጓድ ከትቶ ገመዱን የቆረጠው! ሌላው ተዋናይ ክፉ ሁን ሲሉት ይጮኽብናል፣ ዓይኑን ያፈጣል። አረጋ ጥርሱን በምላሱ ይዳብሳል፣ በቃ። ያኔ ነው ደም የሚረጋው። እዚህም ጥምጥም አስረውለት ጥርሱን ይዳብሳል። ባንችይርጋ «ተዋናይስ ጓደኛው ሲሞት አይቀብርም?» አለችኝ። ይቀብራል፤ ጥምጥም አስሮ ፍትሐት ያደርሳል እንዴ፣ አንቺ?

ደግሞ የፍቅርአዲስ ሥራ ነው፤ ባለፈው ስትደውዪ «ለፊልሟ ልትመርጠኝ ትችላለች» ያልሽኝ አዘጋጅ። ሌሎቹ አዘጋጆች ሰው በሞተ ቁጥር ሙዚቃ ይለቁብናል። እሷ የሚያለቅሰውን ትታ እጅ ነው የምታሳይ። በ«የጥድ ማገር» እናትየዋ ስትሞት ያየነው ሊጥ የጨበጠ እጇን ብቻ ነበር፤ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ወንዱ ሁሉ ጋቢው ውስጥ ገባ። እዚህም እጅሽ ከከፈኑ ወጥቷል፣ ፊትሽም ተገልጧል። የኛ ገናዥ ለፍትሐት የቀረበ ሰው ፊቱን ገልጦ፣ እጁን አስወጥቶ ይተዋል? ለተመልካች ብለው እንጂ!

አንድ ነገር ብቻ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ከአልቃሾቹ መሃል ይማርሽ አለች። የወለድኳት ናት፣ አልስታትም። ይማርሽ ደግሞ መቼ ነው ተዋናይ የሆነች? ሠርጓ ላይ እንኳ ፎቶ ሲያነሷት ፊቷን የሸፈነች! ሰው ጎድሏቸው ከሰፈር አስገብተዋት ይሆናል እላለሁ። አለቃቀሷ ግን፣ ንጋቴ... አረጋም እንዲህ አይሠራ።

የእድር ሰዎች ድንኳን እንትከል ሲሉኝ፣ በቁሟ አላለቅስላትም ብዬ መልሻቸዋለሁ። ባንችይርጋ «ልቧ ደነደነ» ትለኛለች። ሹፌሩ ይሄን ሲሰጥሽ መልሱን አንቺው ጻፊው። በራስሽ እጅ። ይማርሽ ጽፋ እንዳትልክ፣ አደራ! አጻጻፍሽን አውቀዋለሁ።

ይማርሽን ዓይኗን ሳሚልኝ። ባሏን ዘመኑን፣ ሳሉን በጤና አዳም ያስታግስ በይው። ሕፃኑ የአብስራስ ጥርስ አበቀለ? ጉንጩን ሳሚው። እህትሽ ሰብሌ እዚህ ከኔ ጋር ደህና ናት፤ ስምሽ ሲነሳ ወደ ጓዳ ትገባለች እንጂ።

አያትሽ አመተ ጊዮርጊስ
ላሊበላ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቆይ፣ ሰብሌ ከደጅ እየጠራችኝ ነው። «እማማ፣ ሽማግሌዎቹ ከንስሐ አባትዎ ጋር መጥተዋል፣ ይውጡ» ትላለች። ገና ጎሕ መቅደዱ ነው። መርዶ በዚህ ሰዓት እንደሚመጣ አጥቼው አይደለም። ቪዲዮውን አይተው ከሆነ እነግራቸዋለሁ፤ ሌላ ሰምተው ከሆነም ቆሜ እሰማለሁ። ነጠላዬን ግን አላዘቀዝቅም። እንደ ወትሮዬ ለብሼ ነው የምከፍትላቸው።