ሰፈርሽን የፈተንኩበት ምሽት

ውድ እህቴ ቡሎን፣

ሰላምሽ ይብዛ። መልእክትሽ ደርሶኛል። ደህና መሆንሽን በሁለት ቃል ጨርሰሽ የቀረውን ሁሉ «እማዬን ምን ብለህ አሳመንካት?» በሚል ጥያቄ ሞልተሽዋል። በስልክ እንዳልነግርሽ አጠገቤ ሰው አይጠፋም፤ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ እማዬ ራሷ። ስለዚህ የምሳ ሰዓት ላይ ሱቁን ገርበብ አድርጌ ከጨርቅ ጣቃዎቹ መሀል ተቀምጫለሁ። የዕለት ውሎዬን የመጻፍ ልማዴን ታውቂዋለሽ፤ የዛሬውን ተራ ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ።

ነገሩን ከሥር ልጀምረው። ያ የልብስ ፋብሪካ አዲስ ያስገባቸውን የስፌት መኪናዎች ተክለሽ እንድታስተካክዪ ለሁለት ወር ሲጠራሽ፣ ቤታችን ውስጥ በሙሉ ልቡ ደስ ያለው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ከኪስሽ ቡሎን ስለማይጠፋ ስም አውጥተን የሳቅንብሽ ሰዎች፣ ባሕር ማዶ ያለ ፋብሪካ በሙያሽ ፈልጎ ሲያስጠራሽ የምንለው ጠፋን። ፈረቃሽ የሚያልቀው ከመሸ በኋላ መሆኑ ሲሰማ ግን እማዬ የምትለው አልጠፋትም። «ወንድምሽ አብሮሽ ይሂድ። ሰፈሩን አይቶ ልቡ ካረፈ ትቀሪያለሽ፤ ካላረፈ ይዞሽ ይመለሳል» አለች። አንቺም ዋጥ አድርገሽ እሺ አልሽ። ሥራሽ በእኔ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ አውሮፕላን ተሳፈርን።

የፋብሪካው ደላላ መጀመሪያ የወሰደን ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ግቢ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገና ከሩቅ ሳየው ወደድኩት። ግንቡ ረጅም፣ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተሰካበት፤ በሩ ወፍራም ብረት፤ ዘበኛው ወንበሩ ላይ የማያንቀላፋ። ግድግዳውን በመዳፌ ዳሰስኩት፣ እርጥበት የለውም። መቀርቀሪያውን ወዲያ ወዲህ አልኩት፣ አይንቀጫቀጭም። ለፋብሪካው ቅርብ ነው፣ ኪራዩም አያስከፋም። ተስማምተናል ልል አፌን ስከፍት፣ አንቺ ለሥራው ብለሽ በተማርሽው ቋንቋ ዘበኛውን አንድ ነገር ጠየቅሽው። በዱላው በሩን እያሳየ መለሰልሽ። እስከ የት ድረስ ነው የምትጠብቀኝ ብለሽው ኖሯል፤ ከበሩ ወዲህ ያለው የእኔ ነው፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል ብሎሻል።

«ጋሼ፣ ይሄ ለጣቃ ጥሩ ቤት ነው» አልሽኝ። «ጣቃ አንዴ ከገባ እስኪሸጥ አይወጣም። እኔ ግን በየቀኑ ወጪ ገቢ ነኝ።»

ደላላው ፊት ሌላ ቤት እንይ ብቻ አልኩ። በሆዴ ግን ልክ እንደሆንሽ አውቄዋለሁ። ለእህቴ ቤት እየመረጥኩ መስሎኝ ለካ መጋዘን ነበር የምመርጠው። ለዕቃ ስጨነቅ የኖርኩ ሰው ለሰው ስጨነቅም እጄ የሚሄደው ወደ መቀርቀሪያ ነው።

በማግስቱ ያደረግሽውን እስከ ዛሬ ለሱቅ ጎረቤቶቼ እያወራሁ ነው። ሌላ ቤት ልታሳይኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለ አጥር ጥግ ወስደሽ አስቀመጥሽኝ። ሠራተኛው ሊለቀቅ ሲል «ቤቱን ተወውና ሴቶቹን እይ» አልሽኝ። ወንድሟን እንዲህ ብላ የምታዝ እህት ከአንቺ በቀር አላውቅም። አየሁ። አንቺ እንደነገርሽኝ፣ ከፋብሪካው ጀርባ የሚኖሩት ሴቶች ከበሩ ሳይርቁ ቆመው ይጠባበቃሉ፤ ተረከዝ ያለውን ጫማ አውልቀው ዝርግ ይጫማሉ፤ ቦርሳቸውን ከሹራባቸው ሥር ያደርጋሉ፤ ሲበዙ ብቻ ተያይዘው ይነቃነቃሉ። ከወንዙ ድልድይ ማዶ ወዳለው ሰፈር ለመሄድ አውቶቡስ የሚይዙት ግን አንድ በአንድ ነው የሚወጡት። አንዷ ስልክ እያወራች፣ አንዷ ሙዝ እየላጠች።

«ባለ ሙዟን አየሃት?» አልሽኝ። «እሷ የምትኖርበት ሰፈር ነው የምኖረው።»

እኔ ጨርቅ ስገዛ ሻጩ የሚያሳየኝን ጫፍ አይቼ አልከፍልም፤ ጣቃውን አስዘርግቼ መሀሉን አያለሁ። አንቺ አንድ ሰፈር ሙሉ ከፊቴ ዘረጋሽው። ያን ዕለት አላሞገስኩሽም። ዛሬ ይኸው።

ከድልድዩ ማዶ ያገኘነው ክፍል ከአንዲት ልብስ ተኳሽ ሴትዮ ሱቅ በላይ ነበር። ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ ወደ መንገድ ያያል፤ በሩ ግን ከካርቶን ብዙም አይሻል። «ይሄን እኔ በትከሻዬ እገነጥለዋለሁ» አልኩሽ። «ደረጃው ድረስ ከደረስክ አይደል» አልሽኝ። ሴትዮዋ ካውያዋን እንደያዘች ከታች ትስቅ ነበር፤ ቋንቋችንን ባታውቅም የእህትና የወንድም ጭቅጭቅ መሆኑ የገባት ይመስለኛል። እኔ እስክወስን ድረስ ለጥቂት ቀን ብለሽ ሻንጣሽን አስገባሽ፤ እኔም ገበያው አጠገብ ወዳለችው ማረፊያዬ ሄድኩ። ልቤ አላረፈም። የያዝነው የመመለሻ ትኬት የሁለት ሰው ነው፣ ቀኑም ደርሷል። ነገ እነግርሻለሁ ስልሽ መፍቻዎችሽን መጥረግ ጀመርሽ። የተጠረገውን መፍቻ ደግመሽ ስትጠርጊ ሳይ ምን ያህል እንደፈራሽ ገባኝ።

በማግስቱ የመጀመሪያ ፈረቃሽን ገባሽ። ገበያ እውላለሁ ያልኩሽ እውነት ነው፤ ውያለሁም። ሲመሻሽ ግን ቆቤን እስከ ቅንድቤ ደፍቼ ከድልድዩ ማዶ ካለው ፌርማታ ቆምኩ። አንድ የማይታወቅ ሰው ከኋላሽ ቢሄድ ምን ይሆናል? ይህን ሌላ ሰው ልኬ ልፈትነው አልችልም። ስለዚህ ተከታዩ እኔው ልሁን አልኩ። ዘዴዬ እንከን የሌለው መስሎኝ ነበር።

ከአውቶቡሱ ወርደሽ የመሳሪያ ሳጥንሽን አንጠልጥለሽ መራመድ ስትጀምሪ ራቅ ብዬ ተከተልኩሽ። ስትፈጥኚ ፈጠንኩ። ቆም ብለሽ ፍራፍሬ ስታዪ፣ እኔም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የማላነበውን ማስታወቂያ ሳነብ ቆምኩ። መታጠፊያው ላይ ተረከዝ የሚመታ አንድ ጫማ ሰፊ መዶሻውን አቆመ። መጀመሪያ አንቺን አየ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ በመካከላችን ያለውን መንገድ። ምንም ሳይናገር ተነስቶ በርጩማውን መንገዴ ላይ አኖረው። ዞሬ ላልፍ ስል ዳቦ የታቀፈ ወፍራም ሰውዬ በዚያ በኩል ቆሟል። ልብስ ተኳሿ ከሱቋ ወጥታ በክንድሽ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችሽ። ቀደም ሲል ብታየኝም በዚያ ቆብና በዚያ ብርሃን ማን ይለየኛል? ልጅ ያዘለች ሴት ደግሞ ከኋላዬ መጥታ ቆመች፤ ጫማ ሰፊው የሹራቤን እጅጌ ጨመደደ።

በዚያ አገር ቋንቋ የማውቀው «ስንት ነው?» እና «ውድ ነው፣ ቀንስ» ማለት ብቻ ነበር። ሴት ሲከተል ለተያዘ ወንድ ሁለቱም አይበጁም።

ልብስ ተኳሿ ወደ በሩ አውጥታሽ በጣቷ እኔን እያሳየች ጠየቀችሽ። ታውቂዋለሽ ወይ ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። አየሽኝ። ቆቤን አየሽ። ከዚያ እንደማታውቂኝ በጭንቅላትሽ ነገርሻቸው። የጫማ ሰፊው እጅ እንዴት እንደጠበቀ ብነግርሽ አታምኚኝም። በእናትሽ፣ ያን ያህል መቆየት ነበረብሽ? ሳጥንሽን ቀስ ብለሽ አስቀመጥሽ፣ የእጅሽን ቅባት በጨርቅ ጠረግሽ፣ ከዚያ በገዛ ቋንቋችን፦

«ጋሼ፣ በሩ እንዴት ነው? ይገነጠላል?»

«አይገነጠልም» አልኩሽ።

ያን ጊዜ ነው ወንድሜ ነው ያልሻቸው። ሁሉም ሲስቁ ጫማ ሰፊው ብቻ አልሳቀም። አንዴ የአንቺን ጆሮ፣ አንዴ የእኔን ጆሮ እያየ አመሳከረ። ሲበቃው እጅጌዬን ለቀቀና በርጩማውን እንድቀመጥበት ገፋ አደረገልኝ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ባለመጠየቁም ወደድኩት።

ያልነገርኩሽ ይህን ነው። በማላውቃቸው ሰዎች ተከብቤ እንደ ሌባ ስያዝ አላፈርኩም። እማዬ ያን አደራ ከጫነችብኝ ጀምሮ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር እዚያው መንገዱ ላይ ወረደልኝ። እየወሰድኩሽ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ መንገዱን የምታውቂው ግን አንቺ ነበርሽ።

ወደ ማረፊያዬ እንደተመለስኩ ለእማዬ ደወልኩ። ግንብ አለው ወይ አለችኝ፣ የለውም አልኳት። ዘበኛስ? የለውም። በሩስ? ስስ ነው አልኳት። ድምፅዋ ተለወጠ።

«ታዲያ ልብህ በምን አረፈ?»

«ያዙኝ፣ እማዬ።»

«እነማን?»

«ጎረቤቶቿ። ከኋላዋ ስሄድ አይተው አላሳልፍ አሉኝ።»

በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት።

«አጥብቀው ነው የያዙህ?»

«እጅጌዬ ተተርትሯል።»

«እንግዲያስ ትቀመጥ» አለች።

ይኸው ነው፣ ቡሎን። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ስመለስ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ያን ሹራብ አምጣ አለችኝ። በተተረተረው ቦታ ጣቷን አሳልፋ አየችው፣ መስኮቱ ዘንድ ወስዳ ገልብጣ አየችው፣ እሰፋዋለሁ ስላት ከለከለችኝ። አሁን ቁም ሣጥኗ ውስጥ ነው። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ታወጣዋለች፤ የልጄን ሰፈር ሰዎች እዩልኝ እያለች ታሳያለች። ሹራቡ የእኔ መሆኑን የሚያነሳ የለም።

ሥራሽን በሰላም ጨርሰሽ ተመለሺ። ከእንግዲህ ሌላ ፋብሪካ ቢጠራሽ ሰፈር አይቼ የምፈርድልሽ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ራሴ ለገበያ ስወጣ የት እንደማርፍ አንቺን ጠይቄ ነው። ጫማ ሰፊውን ሰላም በዪልኝ። ዳግም ከመጣሁ ቆቤን አውልቄ ከጎንሽ ነው የምሄደው።

የሚኮራብሽ ወንድምሽ