ፍርዶስ የመረጠችው ትምህርት

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሉባባ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያምሻል? ያ ክፉ ኅዳር ከደሴ ካለፈ ወዲህ የሱቃችሁ በር ተሠራ ወይ? የጋሼ አብዱረሂም ሳልስ ለቀቃቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሙሐመድኑር ትራኩን ይዞ ሳምንቱን ይጠፋል፣ ቅዳሜ ብቅ ይላል። እኔም ያው ኢስተን ሆቴል አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ ብጽፍልሽ ግን ውሸት ነው፤ ሆዴ እርር ብሏል። በስልክ ያልነገርኩሽ የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ስለሆነ ነው። ልጅቱ አማርኛው በደንብ ባይገባትም ስሟ ሲነሳ ጆሮዋ ይቆማል። ስለዚህ ጻፍኩት፤ አብሮኝ የሚሠራው ሽፈራው ለፋሲካ አገር ሲገባ ያደርስልሻል።

ነገሩ የፍርዶስ ትምህርት ነው። ነርስ ልትሆን ነው ብዬ ለስንቱ አውርቻለሁ! ባለፈው ወር ኩሽና ገብታ፣ በዚያው በእንግሊዝኛዋ፣ ሜጀሬን፣ ማለት ዋናውን ትምህርቴን፣ ልቀይር ነው አለችኝ። ወደ ምን ብላት፣ ወደ ደቡብ እስያ ጥናት አለች። የሕንድና የፓኪስታን ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ምኑ ቅጡ። አባቷ ሙሐመድኑር በስልክ ሲሰማ፣ ሥራ ይገኝበታል ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። እሷ ግን እናቴ ካልመረቀችኝ ፎርሙን አልልክም ብላ ቁጭ አለች። የቤታችንን ደንብ ታውቃለች፤ ሳይመረቅ የሚጀመር ነገር የለም። የመጨረሻው ቀን የወሩ ማለቂያ ነው። እኔም ምርቃቴን ከለከልኳት።

ሥራው እንዳይመስልሽ ያቃጠለኝ። ቅናት ነው፣ እትዬ። ላንቺ ምን እደብቃለሁ? ከኛ በላይ ናስሪን የምትባል ፓኪስታናዊት ትኖራለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿም ርቀው የሄዱባት ሴት። ፍርዶስ ዓምና የናስሪንን ቋንቋ የኡርዱን ክላስ ከጀመረች ወዲህ ከትምህርት ስትመለስ ቀጥታ ወደሷ ነው የምትወጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማር ብዬ ስወስዳት መኪና ውስጥ ስታነባ የነበረች ልጅ፣ ዛሬ ከቀኝ ወደ ግራ እየጻፈች ደብተር ትጨርሳለች! እኔ በላሽ ወይ ስላት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ናስሪንን ግን በቋንቋዋ ጤናዋን ትጠይቃታለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ሁለቱ ሲንከተከቱ ሰማሁ። ምን እንዳሳቃቸው አላውቅም። በገዛ ልጄ ሳቅ እንግዳ ሆንኩ፤ ዓይኔ ደም ለበሰ።

ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ናስሪን የወተት ሩዝ የላከችልንን ሰሃን አጥቤ ባዶውን መለስኩላት። አዎ፣ ባዶውን! እናታችን ምንም ባይኖራት እንኳ አንድ ሎሚ ጣል አድርጋ ነበር የሰው ሰሃን የምትመልሰው። እኔ ግን ቤት ሙሉ እያለኝ ባዶውን።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። በነጋታው በር ተንኳኳ፤ ናስሪን ናት። ልትጣላኝ የመጣች መሰለኝ። ለካ በነሱም ዘንድ ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ቢደርስባቸው ነው ብላ ደንግጣ ኖሯል የመጣችው። ውይ፣ እንዴት እንዳፈርኩ! ሻይ አፈላሁና እሷም እኔም በተሰባበረው እንግሊዝኛችን ስናወራ፣ ከፍርዶስ ጋር እንዴት እንደተዋወቁ ነገረችኝ። ዓምና ሎንደሪ ውስጥ ልጄ ልብስ እያጠፈች ታንጎራጉራለች። ናስሪን ሰምታ፣ ይህን ከየት አወቅሽው ትላታለች። ልጄም ኮራ ብላ፣ የአማርኛ እሹሩሩ ነው፣ እናቴ በዚህ ነው ያስተኛችኝ ትላታለች። ናስሪን እንባዋ እስኪወርድ ስቃ የቀረውን ስንኝ ራሷ ጨረሰችላት።

የቱ ዘፈን እንደሆነ ገባሽ አይደል? ቂርኣት ሄድን ብለን አባባን እየዋሸን እዚያው ደሴ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ስንገባ፣ አንቺ በቃልሽ ይዘሽ መንገድ ለመንገድ ያስጠናሽኝ የሕንድ ዘፈን! አንዲት ቃል ትርጉሙን ሳናውቅ። ፍርዶስ ስትወለድ እናታችን ከሞተች ገና ስድስት ወሯ ነበር። እሹሩሩ ብዬ ስጀምር የሷ ድምፅ ይመጣብኝና ሕፃኗን ትቼ እኔው አለቅሳለሁ። ስለዚህ የማያስለቅሰኝን ዘፈንኩላት። ልጄ ግን ቃሉ የማይገባኝ አማርኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው ብላ እስከ ዓምና ይዛው ኖረች። የዘፈኑ ቋንቋና ኡርዱ ሲነገሩ አንድ ናቸውና፣ እናቴ ምን ስትለኝ ነው ያደግኩት ብላ ነው ክላሱን ሪጅስተር ያደረገችው። እኔ በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት እያልኩ ስብሰለሰል፣ እሷ የኔኑ ድምፅ ትከተል ነበር።

ናስሪንን፣ የዘፈኑ ትርጉምስ ብላት፣ ወዳጇ አጠገብ ሌላ ሴት ስትቀመጥ ያየች ሴት የምትዘፍነው ነው አለችኝ። ጉድ በይ! ሕፃን በቅናት ዘፈን አስተኝቼ አሳደግሁ። የዚያኑ ዕለት ሰሃን ሙሉ ሳምቡሳ ወደ ላይ ላክሁ። ማክሰኞም ፍርዶስን አስቀምጬ መረቅኋት። አሜን አለችና ፎርሙን እዚያው ላከችው። የጤናውን በማይነር፣ ማለት በሁለተኛነት፣ እይዘዋለሁ ብላ አባቷንም አረጋጋችው።

ቅናቴ ግን ያለቀ እንዳይመስልሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። የሕንድ ፊልም ደሴ እንዴት እንደገባ በክረምቱ ለትምህርቷ ልትጽፍ ስለሆነ፣ ከዒድ በኋላ ትደውልልሻለች። ጥያቄዎቿን በአማርኛ ፊደል እየጻፈች ናት፤ ትናንት አምጥታ እንዳርምላት ሰጠችኝ። ለኔ ሃያ ዓመት እምቢ ያለችውን አማርኛ ላንቺ ስትል! እያረምኩም ደስ አለኝ፣ እያረምኩም ቀናሁብሽ።

ጋሼ አብዱረሂምን እጅ ነሥታለች በይልኝ። ሐናንን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ሰርካዲስን እንኳን አደረሰሽ በይልኝ። ፍርዶስ ስትደውል ሁሉንም ንገሪያት፤ አባባን እንዴት እንደሸወድነው፣ ተይዘንም እንዴት እንደተገረፍን። ያን ዘፈን ዝፈኚልኝ ያለችሽ እንደሆነ ግን ጉሮሮዬን አሞኛል በያት። እሱን እኔ ነኝ የምዘፍንላት።

ታናሽ እህትሽ እናናዬ
ዋይትሆል፣ ኮለምበስ፣ ኦሃዮ
መጋቢት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.