ሚኒሞውን ማን ነካው

ወንድሜ፣
የሞተር መጋዙ ዛሬም አልነሳ ብሎኝ አረፈድኩ። በጠፋ ቁጥር በዚያ በታሰረ እጅህ ካቻቢቴ ይዘህ ካርቡሬተሩ ላይ ትሰፍራለህ። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አራግፍ ብል ብል ጆሮ ዳባ ልበስ። ግማሽ ጆንያ ሰጋቱራ ነው ያወጣሁበት።

በእህታችን የጥፍር ቀለም ብሎኖቹ ላይ ያደረግኩትን ምልክትም በቤንዚን አጥበህ አጥፍተኸዋል። እንደገና አስተካክያለሁ፤ አትንካቸው።

ስታስነሳው ነዳጅ ሳትሰጠው ሰንሰለቱ መቆሙን እይ። ከዞረ ሚኒሞው፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ብሎኑን ትንሽ ወደ ግራ ፍታው።

ባለፈው ሳምንት መጋዙ እጅህን የቆረጠህ ቀን፣ ሰው ፊት «ቀልብ የለህም» ብዬሃለሁ።
የዚያን ቀን ጠዋት ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ሚኒሞውን ከፍ ያደረግኩት እኔ ነበርኩ።

ፋሻህን አትፍታው። ስመለስ እኔ እቀይርልሃለሁ።