ሐረጎን ድምፅ አጥፍተው ስለሚወርዱት መኪኖችዎ

ለተከበሩ ጓድ የከባድ ጭነት መኪኖች ስምሪት ኃላፊ
ኮምቦልቻ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለቤትዎና ልጆችዎስ አፊያ ናቸው? እኛ የደሴ ሆጤ ሰዎች ክረምቱ ቢያንገላታንም ደህና ነን። ጎረቤቴ ረሂማ ብቻ ድምጿ ተዘግቶ ከረመ። ጉንፋን አይደለም፣ ከወሬ ብዛት ነው። ትልቋ ልጇ ፈተናዋን አልፋለች፣ ትንሹ ደግሞ ጥርስ እያበቀለ የያዘውን ሁሉ ይነክሳል። ባሏ ጀላል ይበላል፣ ይጠጣል፣ አምስት ወቅት ሶላቱን ይሰግዳል፤ ላየው ሰው ምንም የሆነ አይመስልም። ቤቱ ጭጭ ሲል ግን ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጥና ዓይኑን አፍጥጦ ይቆማል። ስለዚህ ቤቱ ጭጭ እንዳይል ረሂማ ታወራለች፤ እሷ ሲደክማት እኔ ገብቼ አወራለሁ፤ እኔ ወጥ ላማስል ስወጣ እትዬ የኔነሽ ከላይ ሰፈር መጥተው ያወራሉ። ይህንን የምንሠራው የእርስዎ መሥሪያ ቤት የጀመረውን ሥራ ለማስታመም መሆኑን ምናልባት ያልሰሙ እንደሆነ ብዬ ነው ብዕር ማንሳቴ።

እኔ አባይነሽ ወልደ ሚካኤል እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የጎደለውን መሠረተ ትምህርት ሞላልኝ። ስለዚህ ጽሑፌ ላይ ስህተት ቢያገኙ የዘመቻው ፍሬ ነኝና እንደ ራስዎ ስህተት ቆጥረው ይለፉኝ። ደብዳቤው በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው ባለፈው ስብሰባ ሒስ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ ስለተባልን ነው። ጸሐፊው ጅምሩን አንብቦ ሁለቴ ሳል ሳል አለና፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ማህተም መታበት። እግዜር ይስጠው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት፤ እርስዎ በላንድሮቨር ስለሚወርዱ የእኛ ሰዎች አወራረድ ላይታወቅዎት ይችላል። ባለቤቴ ብሩና ጀላል ከሌሎች የሰፈራችን ሰዎች ጋር ኮምቦልቻ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ይሠራሉ። ሰኞ ጠዋት በብስክሌት ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያደርሰውን የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው ቅዳሜ ብስክሌታቸውን አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭነው ይመለሳሉ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው ገደል፣ በክረምት ደግሞ በሁሉም በኩል ጭጋግ። ስለዚህ አንድ ልማድ አላቸው። በአንድ መስመር ተከታትለው ይሄዳሉ፤ ከሁሉም ይልቅ ጆሮው የሚሰማው ሰው መጨረሻ ላይ ይሆናል። ስሙንም ጆሮ ይሉታል። ጆሮው ከኋላ የመኪና ሞተር ሲሰማ ቃጭሉን ያቃጭላል፣ ከፊቱ ያለው ተቀብሎ ያቃጭላል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ እስከ ፊተኛው ይደርሳል፤ ሁሉም ጥጋቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ መኪናው ያልፋል፤ ሾፌሩ እጁን ያነሳል፤ እነሱም ያነሳሉ። ፊተኛው የኔው ብሩ ነው፣ ጆሮው ጀላል። ለዓመታት እንዲህ ሲወርዱ አንድም ቀን አንድም መኪና ሳይሰሙት አልፏቸው አያውቅም ነበር። የእርስዎ መኪኖች ከአሰብ እህል ጭነው ሽቅብ ሲያቃስቱማ እኛ ሴቶቹ ሳንቀር ድምፃቸውን ለይተን መርቀናቸዋል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ፤ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። ስለ ነዳጅ ቁጠባ ዘመቻው እናመሰግናለን። የሴቶች ማኅበር ይገኝ ስለተባለ ፒያሳ አዳራሽ እኔና ረሂማም ነበርን። ኮከብ ሾፌር ተብሎ የተሸለመው፣ ስማቸው የሚባለው ጓድ፣ ልምዱን እንዲያካፍል ተጋብዞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ እንዲህ ሲል በጆሯችን ሰማን፦ ሐረጎ አናት ላይ ስደርስ መኪናውን ከማርሽ አውጥቼ ፎሌ አደርግና ሞተሩን አጠፋለሁ፤ መኪናው በራሱ ክብደት ይንከባለላል፤ ኮምቦልቻ መግቢያ እስክደርስ አንድ ጠብታ ነዳጅ አላቃጥልም። አዳራሹ አጨበጨበ። እርስዎም ተነስተው ሌሎች ሾፌሮች አርአያነቱን እንዲከተሉ አሳሰቡ። ረሂማ ወደኔ ዘንበል ብላ፣ አባይነሽ፣ ሞተሩን ካጠፋው የኔ ሰውዬ ምኑን ሊሰማ ነው አለችኝ። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ ጸጥታ ይከበር አለችን። እኛም አከበርን።

ሁለተኛ። አርአያነቱ በተግባር ስለተተረጎመበት ፍጥነት እናመሰግናለን። በዚያው ወር አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጭጋጉ ብስክሌቱን ከባለቤቱ በጋረደበት ሰዓት፣ እነ ብሩ ሐረጎን እየወረዱ ነበር። የሆነውን ጀላል ራሱ እንደነገረን ልጻፍልዎት፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ብዙም አያወራም። መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው ይላል። ጥሬ ቆዳ ሸተተኝ፤ ሐረጎ ላይ በዚህ ጭጋግ ማን ቆዳ አሰጣ ብዬ አሰብኩ ይላል። ከብቱ ባለቀበት በዚህ ዓመት ቆዳው ተርፎ በመኪኖችዎ ወደ አሰብ እንደሚወርድ እርስዎም ያውቃሉ። ከዚያ በግራ ትከሻዬ በኩል ነፋስ መጣ፣ የሸራው ገመድ እጅጌዬን ዳበሰኝ፤ ሰው የነካኝ መስሎኝ አቤት አልኩ ይላል። ቀና ሲል መኪናው ተሳቢውን አስከትሎ አልፎታል፣ ግድግዳ የሚያህል ነገር ያለ አንዳች ድምፅ በጓደኞቹ አጠገብ እያለፈ አንድ በአንድ ጭጋግ ውስጥ ሲከታቸው አየ። ቃጭሉን መታ፤ ግን የማን ጆሮ ይድረስለት፣ መኪናው ቃጭሉን ቀድሞት ሄዷል።

ሰዎቹ ግማሹ ቦዩ ውስጥ ወደቀ፣ ግማሹ ከተራራው ጋር ተላተመ። ኩርባውን ቀድሞ የዞረው ብሩ ገደሉ ጫፍ ላይ ከብስክሌቱ ዘሎ ወረደ፣ የብስክሌቱ የፊት ጎማ ከመንገዱ ውጪ ቀርቶ አየር ላይ ይሽከረከር ነበር። በዚያ ጠዋት የሰማሁት ድምፅ የዚያ ጎማ ብቻ ነው ይላል ባሌ፤ ትክ ትክ እያለ ሲቆም ሰማሁት ይላል። ሰው አልሞተም። ሰው ካልሞተ በቀር በእርስዎ መሥሪያ ቤት ፋይል አይከፈትም ሲሉ ስለሰማሁ፣ ሠራተኞችዎን ለሥራ ባለመዳረጋችን ደስ ብሎናል።

ሦስተኛ። ለአቤቱታቸው ስለሰጣችሁት ፈጣን ምላሽ እናመሰግናለን። ብሩና ጀላል ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄደው ሞተሩ ጠፍቶ ነበር ሲሉ፣ ረዳትዎ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ነፍቷል፣ ኮከብ ሾፌር ሳይነፋ አያልፍም፣ ይልቅ የዚህ ሰውዬ ጆሮ ይመርመር ብለው አሰናበቷቸው። በዚያ ቃል የሆነውን ልንገርዎት። ብሩ ተቆጣና ሳቀ። ጀላል ግን አመነ። መንግሥት ነፍቷል ካለ ነፍቷል፤ ስለዚህ እኔ ነኝ ያልሰማሁት፤ ጀማውን፣ ጓደኞቼን ሁሉ፣ ገደል ልከት የነበርኩት እኔ ነኝ አለ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከዚህ ንቅንቅ አላለም።

ትእዛዝዎን አክብረን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ከኋላው ራቅ ብሎ በሹክሹክታ ስሙን ቢጠራው ጀላል ዘሎ ከመጋረጃው ጀርባ ተገኘ። ጆሮው ደህና ነው፣ እንዲያውም ከደህና በላይ ነው አለን። ጀላል ግን፣ ለሰው እሰማለሁ፣ የደነቆርኩት ለመኪና ነው ይላል። መንገድ ሲሄድ በየሁለት እርምጃው ወደ ኋላ ይዞራል። ረሂማ የሚሰግድበትን አጎዛ አንስታ ሰሌን አንጥፋለታለች፤ የቆዳ ሽታ ሲነካው ግንባሩን መሬት ማስነካት ያቅተዋል፣ ከኋላዬ አንድ ነገር እየመጣ ነው ይላል። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ረጃጅሙን መግለጫ ሁሉ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ቤት በደሴ ቢኖር የረሂማ ቤት ነው፤ ይህም በሪፖርትዎ ይግባልዎ።

አራተኛውን በቁጥር አስቤው ነበር፣ እትዬ የኔነሽ መጥተው ሲያወሩ ጠፋኝ። አምስተኛው ግን ዋናው ነው። ሰዎቹ አሁንም ሰኞ ሰኞ ይወርዳሉ፤ ሥራ ነውና። ያለ ጆሮ ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ የሚሆን ሰው ጠፍቷል፤ ሁሉም እኔ እንደ ጀላል ብሆንስ ይላል። የእንጨት ሥራ ቤቱም ለጀላል የሰጠው እረፍት ፊታችን ሰኞ ያልቃል፤ ያን ቀን ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እኔ እርስዎን የምለምነው ካሳ አይደለም፣ ቅጣትም አይደለም። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ አንዲት ነገር ይበሉልኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ነበር፣ ጥሩምባም አልተነፋም፣ ለመስማት የሚሆን ድምፅ አልነበረም ይበሉ። ጆሮው ይመርመር ለማለት ሁለት ቃል በቅቷል፤ ደህና ነው ለማለትም ከዚያ አይበልጥም። ከቻሉም የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሞተር አይጥፋ ይበሉ። ነዳጁን እኛ ሌላ ቦታ እንቆጥብልዎታለን፣ ያለ ላምባ ማምሸቱን ለምደነዋል።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ረሂማ ቤት ከእትዬ የኔነሽ ጋር ተረኛ ሆኜ ሳወራ እንግዳ መጣ፣ እሱን ሳልጽፍ ባልፍ ነውር ነው። ኮከብ ሾፌርዎ ስማቸው ነበር። ኖር አልነው። በሩ አጠገብ ካለው ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኖረ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቱ ሥር ይዟል። ረሂማ በዚያች በተዘጋች ድምጿ፣ ምን እናቅርብልህ ኮከቡ፣ ሰማይ ላይ ምን ይበላል አለችው። አልሳቀም። ዓይኑን ከጀላል ላይ ሳያነሳ፣ ወንድሜ፣ ጥሩምባ አልነፋሁም አለ።

ከዚያ እንዲህ አለ፣ ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩት፤ ጻፊው ብሎኛል። ሞተር ሲጠፋ የሚቀረኝ ታንኩ ውስጥ ያለችው ንፋስ ናት። ፍሬኑም ጥሩምባውም የሚሠሩት በሷው ነው። ጥሩምባ ብነፋ ለፍሬን አይተርፈኝም። ከመጨረሻው እስከ ፊተኛው አንድ በአንድ አየኋችሁ። ጀርባችሁን አየሁ። መስኮቱን ዘግቼ ነበር፣ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ።

ጀላልም፣ ምን ብለህ ነው የጮህከው ብሎ ጠየቀው።

እንጃ፣ የእናቴን ስም መሰለኝ አለ ሾፌሩ።

ቤቱ ጭጭ አለ። ሬዲዮው እንኳ ባትሪው ደክሞ ሲንሾካሾክ ቆይቶ ጠፍቶ ነበር። ሁላችንም ጀላልን አየነው። አልተነሳም። ቁጭ እንዳለ፣ እንግዲያው ጆሮዬ ደህና ነው አለ። ደህና ነው አለው ሾፌሩ። እትዬ የኔነሽ፣ አብሽር ልጄ፣ ይህን እኮ እኛም ስንነግርህ ከረምን፣ ግን እኛ አልተሸለምንም አሉት። ያኔ ጀላል ፈገግ አለ፤ ከስንት ቀን በኋላ ጥርሱን አየንለት። ሰኞ ኢንሻአላህ መጨረሻ ላይ እኔ እሆናለሁ አለ። ሾፌሩም፣ እኔ ከእንግዲህ ሐረጎ ላይ ሞተር አላጠፋም፣ የሌሎቹን ግን አላውቅም፣ አርአያነቴን ተከተሉ ተብለዋል አለና፣ የያዘውን ጥቅል ከዱካው ሥር ትቶ ወጣ።

እኛም ደስ ብሎን አንዱን ወሬ ስናነሳ አንዱን ስንጥል፣ ጀላል ድንገት ቀና አለና፣ ሰውየው የት ሄደ አለ። ወጣ እኮ፣ ሲሰናበትህ አልነበር አለችው ረሂማ። ሲወጣ ኮቴውን አልሰማሁትም አለ፤ ተነስቶም ጀርባውን ለግድግዳ ሰጠ። ረሂማ ጉሮሮዋን ጠርጋ እንደገና ማውራት ጀመረች።

ሞተርዎ ሳይጠፋ፣ ፍሬንዎ ሳይከዳዎት ረጅም ዕድሜ ቁልቁለት ላይ ከቆመው ወንበርዎ ጋር የምመኝልዎ፣ ሰኞ ጠዋት ባሏን ከፊት፣ ጎረቤቷን ከኋላ አድርጋ ወደ ሐረጎ የምትሸኝ፣ እስከዚያው በማውራት ላይ የምትገኝ አክባሪዎ፣

አባይነሽ ወልደ ሚካኤል
ደሴ፣ ሆጤ
ነሐሴ 1977 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ሾፌሩ ዱካው ሥር የተወው ጥቅል የእርስዎ ፊርማ ያለበት የኮከብነት ምስክር ወረቀት ነው፤ ከነመስታወቱ በክብር አስቀምጠንልዎታል። ራስዎ መጥተው ሊወስዱት ይችላሉ። አደራዎን ግን፣ በሩ ሳይደርሱ ከሩቁ ያስሉ፣ ወይም ጮክ ብለው ይጣሩ። በዚያ ቤት ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚመስል እርስዎ አያውቁትም፣ ጀላል ያውቀዋል።