የዶንኪው ንድፍና በነጻ የመጣው መከራ

ለልጄ ልጅ ለሜሮን ዘማርያም፣ ባሕር ዳር።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ኮምፒዩተር ላይ ተደፍቶ የጎበጠው ጀርባሽ ተቃና ወይስ ገና እንደ ቀስት ነው? የእናትሽስ ጉልበት እንዴት ሰነበተ? እኔ አያትሽ እዚህ ካርቱም ከንዴት በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ንዴቱን የላክሽልኝ ግን አንቺው ነሽ።

እጄ መንቀጥቀጥ መጀመሩን ሳልነግርሽ ቆየሁ፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ባለፈው ወር ለሰፈራችን ዶንኪ፣ ማለት ለጉድጓድ ውሃው መሳቢያ፣ የሽቦውን ንድፍ በእጄ ሠራሁ። ሁለት ሽቦዎች ሳይነካኩ በሚተላለፉበት ቦታ እርሳሴ ተንቀጠቀጠና ነጥብ ጣለ። ነጥብ ካለ ደግሞ አገናኝ ማለት ነው። ሠራተኛዬ ተውፊቅ፣ ያ የዋህ፣ አገናኛቸውና ሞተሩ ጨሰ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጅ ሳዲቅም «ዓም (አጎት) ምንዳዬ፣ እስከ ቅዳሜ በኮምፒዩተር የተሣለ ንድፍ ካላመጣህ ሥራውን ለሙስዐብ እንሰጣለን» አሉኝ። ለሙስዐብ! ብሎን ሲፈታ ምላሱን ለሚያወጣው ለዚያ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ!

ለዚህ ነው ምክንያቱን ደብቄ የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም የለመንኩሽ። አንቺም «አባባ፣ ይሄ ነጻ ነው፤ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፤ ራስህ ትገነባዋለህ» ብለሽ ላክሽልኝ። ቤት ስጡኝ ላለ ሽማግሌ ድንጋይና ጭቃ ያቀብሉታል? ለኮምፒዩተሩ ትእዛዙን ስጽፍለት «ይህ ፋይል ይጎድልሃል» ይለኛል። ያንን አምጥቼ ስሰጠው ሌላ ሁለት ይጠይቃል። ጥሎሽ የምትቆጥር አማት እንኳ እንዲህ አታንገሸግሽም! ረቡዕ ግንባታው ግማሽ እንደደረሰ ከህረባው፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ጠፋ፤ እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ሐሙስ የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ እንደ ታመመ ግመል እያቃሰተ ግንባታው አለቀ። የጋለው ፕላስቲክ ሽታ፣ የላቤ ሽታ፣ ተውፊቅ ያሳደረው ፉል ሽታ፤ ወላሂ፣ ወደ ደጅ አስወጣኝ።

ብከፍተው ባዶ ነጭ ወረቀት! የሞተር ምልክት የለ፣ የማብሪያ ምልክት የለ። ለካ መመሪያሽ የምልክቶቹን ስብስብ ለብቻው ጫን ይል ኖሯል። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት የሠራሁበትን ምልክት ማን ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ዘልዬዋለሁ። ይህን ከአንቺ በቀር ማንም አያውቅም፤ ለተውፊቅ ጥፋቱ ያንቺ ነው ብዬዋለሁ።

ዓርብ ስብስቡንም ጭኜ ንድፉን ሣልኩት። መስመሩን ብታዪው፣ እንደተወጠረ ክር! ቅዳሜ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። ሐጅ ሳዲቅ ፊታቸው በራ። «ማሻአላህ፣ ይህንንማ ማንም ያነበዋል» አሉና ሥራውን ለሙስዐብ ሰጡት። የሱ እጅ አይንቀጠቀጥም አሉ።

ትናንት ውሃው መጣ። ያ ምላሰ ረጅም አንዲት ሽቦ አልሳተም፤ ከሁሉ ያስጠላኝ ይህ ነው። ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ሲመርቀው ተሰልፌ ሰማሁ። ንድፉ ግን በመቆጣጠሪያው ሳጥን ክዳን ላይ ተለጥፏል፤ ከግርጌው በአማርኛ «የሣለው ምንዳዬ፣ ያገዘችው ሜሮን፤ ሙስዐብ ሽቦ አቀባይ ነው» የሚል ጽፌበታለሁ። ሙስዐብ ምን እንደሚል ሲጠይቀኝ ጸሎት ነው አልኩት። ውሃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ሸፍኖልኛል፣ ምስኪን።

እናትሽን ስንቅነሽን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባትሽ ዘማርያም ጢሙን ይላጭ በይልኝ። ወንድምሽን ጥዑመልሳንን ጆሮውን ቆንጥጠሽ ሰላም በይው።

አያትሽ ምንዳዬ
ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር
ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.