የዝንጅብሉ አፈላል

ቢቸና፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባንቺዓለም፣ ሞጣ

ባንቺዬ፣ እንደምን ከርመሻል? እኅትሽስ ደህና ናት? የስፌቱ ሥራ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ እናቴም በሕይወት አሉ። ብደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ፤ ብታነሺም መስመሩ ሁለት ቃል ሳያናግር ይቆረጣል። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል አልሁ። የሚኒባሱ ሹፌር ስጦታው መንገዱ ክፍት ከሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ሞጣ እነሣለሁ ብሎኛል። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው፤ እንደ ወጣ ይውጣ።

ነገሩ የጀመረው ከመስቀል ማግሥት ነው። እናቴን ሆዳቸውን ይነፋቸው ጀመር። ሁለት ጉርሻ ሲቀምሱ ይወጠራሉ፤ ያቅለሸልሻቸዋል፤ ከዚያ ገበታውን ገፋ አድርገው ጋቢያቸውን ይከናነባሉ። ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። መርምረው ለጨጓራ ኪኒን ሰጧቸው፤ የሁለት ሳምንቱን ጨረሱት። ማቃጠሉ ተዋቸው፤ መነፋቱና የምግብ ጥላቻው ግን አልለቀቃቸውም። ሐኪሙ፣ ዕድሜም ስላለ ቀለል ያለ ምግብ በጥቂት በጥቂቱ ይስጧቸው፣ ከባሰባቸው መልሰው ያምጧቸው፣ ዝንጅብል ሻይም ቢጠጡ ደግ ነው አለኝ። በባጃጅ ስንመለስ እናቴ ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው፣ እሱን ዝንጅብል አፍላልኝ አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ከገበያ የደረቀ ዝንጅብል ገዛሁ፤ በሙቀጫ ወቅጬ አንተከተክሁት። አንዴ ፉት አሉና፣ ይህ በርበሬ ነው ብለው መለሱልኝ። በማግሥቱ ስኳር ጨመርሁበት፤ የሕፃን ሽሮፕ አደረግኸው አሉ። ማር አደረግሁበት። ከሱቅ የተፈጨውን ገዝቼ ሞከርሁ። ጎረቤታችንን ሀብትነሽን ለምኜ አስፈላሁ፤ የእርሷንም አልወደዱትም። “አይደለም” ይላሉ፤ ምኑ እንዳልሆነ ግን አይናገሩም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። የማንን ዝንጅብል እንደ ፈለጉ ገብቶኛል፤ እንደ ገባኝም ያውቃሉ። ስምሽን ግን አንዳችንም አልጠራንም።

አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ስንኖር አንድ ቀን እንኳ እንዴት እንደምታፈዪው አላየሁም። በየማታው ብርጭቆ ይዘሽ ወደ እናቴ መደብ ስትሄጂ አይ ነበር፤ ከዚያ በፊት ያለውን ግን አላውቅም። የሰው በር ስሠራ ማጠፊያው ቢያንቋርር ሦስት ቀን እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ በቤቴ የሚሠራውን አላውቅም። በዚህ መካከል እናቴ እየከሱ ሄዱ። ስደግፋቸው እጄ ላይ አጥንት ብቻ ሆኑብኝ። እኔም መቀመጥ አቃተኝ። ሥራ ቤት እገባለሁ፣ መጋዙን አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ፣ ወደ ቤት እመለሳለሁ።

ጥቅምት 10 ቀን እናቴን ለሀብትነሽ አደራ ብዬ፣ ሥራ ቤቴን ዘግቼ ሞጣ መጣሁ። አዎ፣ መጥቼ ነበር። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሁለት ሰዓት አቆመን፤ ስደርስ ፀሐይ ዞራ ነበር። በቀጥታ ወደ ዘይዳ ሱቅ ሄድሁ፤ ዝንጅብልሽን ሁልጊዜ ከእርሷ እንደምታመጪ አስታውሼ። ገና ከሩቅ አወቀችኝ። ዱካ ሰጥታ አስቀመጠችኝ፤ የእናቴን ሕመም አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። አፈላሉን ንገሪኝ ብዬ ለመንኋት። ገና አፈሩ ያልረገፈለትን እርጥብ ዝንጅብል እየመረጠች በከረጢት ሞላችልኝና እንዲህ አለችኝ፦

“ዝንጅብል ፈልገህ ከሆነ ይኸው። አፈላሉን የምታውቀው ደግሞ ከመስጊዱ በታች ናት፤ ቤቱ አይጠፋህም። ለእርሷ የሚነገረውን ለእኔ አትንገረኝ፣ ፋንታ።”

ወረድሁ። የእኅትሽ ቤት የቆርቆሮ በር ገርበብ ብሏል። የስፌት መኪናው ይሰማል። ስለ አንድ ቀሚስ እጅጌ ከእኅትሽ ጋር ትከራከራላችሁ፤ ከዚያ አንቺ ሳቅሽ። ባንቺዬ፣ ያን ሳቅ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ እንደሆነ መንገዱ ላይ ቆሜ ልቆጥር ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ለማንኳኳት እጄን አነሣሁ። ከገባሁ ሳቁ ይቆማል ብዬ አሰብሁ። እጄን መልሼ ወደ መናኸሪያው ሄድሁ።

እናቴ ዝንጅብሉን ተቀብለው አሸተቱና፣ ይህ የሞጣው ነው አሉ። አየሃት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ድምፅዋን ሰምቼ ሳልገባ ተመለስሁ አልኋቸው። “እጇስ መልካም ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ማሕፀኗን ዘጋው እንጂ” አሉ።

እዚህ ላይ እንዴት እንደ ጻፍሁት አታውቂም፤ ተነሥቼ ውጭ ወጥቼ ነው የተመለስሁት። እንዲህ አልኋቸው፦

“እማማ፣ የእርሷ አይደለም። የማልወልደው እኔ ነኝ።”

አልሰሙኝም መሰለኝ። ደገምሁት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ደብረ ማርቆስ ሄደን ሁለታችንም መመርመራችንን፣ ከእኔ ዘር እንደማይገኝ ወረቀቱ ላይ መጻፉን ነገርኋቸው። አንቺ ወረቀቱን አጥፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ እንደ ከተትሽው፣ “ይህ በሁለታችን ይቅር። ያላቸው ልጅ አንተ ብቻ ነህ፤ እሳቸው አይችሉትም፣ እኔ እችለዋለሁ” እንዳልሽኝም ነገርኋቸው። አንቺ ቻልሽው። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አስቻልሁሽ። የኅዳር ጽዮን ማኅበር እኛ ቤት የወደቀ ዕለት፣ እናቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “ልጄ የማትወልድ ላም አስሮ ይቀልባል” ሲሉ፣ አንቺ እንጀራ ልትጨምሪ መሶቡ ላይ ጎንበስ ብለሽ ነበር። ቀና ብለሽ ያየሽው እኔን ነው። እኔ የማየው ጠላዬን ነበር። በማግሥቱ አንድ ሻንጣ ይዘሽ ስትወጪ አንዲት ቃል አልወቀስሽኝም፤ ወቅሰሽኝ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ያን ቀን እናቴ ውኃም ሳይቀምሱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዋሉ። ገደልኋቸው ብዬ ስወጣ ስገባ ዋልሁ። እየመጣሁ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ፤ እመለሳለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ጠሩኝና ያን ዝንጅብል አምጣ አሉ። ከመደባቸው ሆነው አንድ በአንድ አዘዙኝ፦

“በቢላ አትላጠው፤ በማንኪያ ጠርዝ ፋቀው። አትውቀጠው፤ ስስ አድርገህ ክተፈው። ውኃው ሲፈላ ከእሳት አውርድ፤ ያኔ ጨምረህ ክደነው። ስኳር አታግባ። ከብርጭቆ ብርጭቆ እየገለበጥህ አብርደው። ሰጥተኸኝም አትሂድ። እርሷ እስካገሳ ድረስ ከአጠገቤ አትነሣም ነበር።”

ለካ ሁሉንም ያውቁት ነበር። እንግዲያው ይህን ሁሉ ሳምንት ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ “ብናገር እርሷን ማመስገን ሆነብኝ” አሉ።

እንዳሉት አደረግሁ። ግማሽ ብርጭቆ ጠጡ። ብርጭቆውን ተቀብዬ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ብዙ ቆዩና ሁለት ጊዜ አገሱ። ቀትር ላይ አጥሚት ጠይቀው አንድ ሲኒ ያህል ቀመሱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ አፈላላቸዋለሁ። ድነዋል አልልሽም፤ መነፋቱ አንዳንድ ቀን ይመለስባቸዋል። ግን ይበላሉ፣ በከዘራ ደጅ ይወጣሉ፣ ይቆጡኛል።

ሌላው ጭንቄ ያኔ ጀመረ። እናቴ በቀኑ ውስጥ ስንት ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይመላልሳሉ። “ያን ቃል የተናገርሁት ሰው ፊት ነው። መመለስም ያለበት ሰው ፊት ነው። እኔ ሳላውቅ በደልሁ፤ አንተ ግን እያወቅህ ነው” ይሉኛል። የነፍስ አባታችንን አማከርሁ፤ እናትህ ትክክል ናቸው ብለው አሰናበቱኝ። ስለዚህ ትናንት የማርያም ማኅበር ሀብተ ሥላሴ ቤት ሲሆን ሄድሁ። ያን ጊዜ እኛ ቤት የነበሩት ሁሉ ነበሩ። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጨዋታው ሲሞቅ ተነሣሁ። ከቅኔ ቤት ወጥቼ መጋዝ የያዝሁት በሰው ፊት መቆም ስለማልችል እንደ ነበር ታውቂያለሽ።

“ከሁለት ዓመት በፊት በኔ ቤት ባንቺዓለም ላይ የተነገረውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እርሷ ደህና ናት። ልጅ መውለድ የማልችለው እኔ ነኝ፤ ያን ቀንም አውቀው ነበር” አልሁ።

አንድ ሰው ከጥግ ሳቅ ያለ መሰለኝ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አላረጋገጥሁም። የነፍስ አባታችን፣ “ተቀመጥ ልጄ” አሉኝ። ተቀመጥሁ። ሀብተ ሥላሴ ራሱ ተነሥቶ ጠላ ቀዳልኝ። ዛሬ ጠዋት ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ ሰላምታውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሰጠኝ። ይሁን። አንቺ ዘጠኝ ዓመት በዚያው መንገድ ተመላልሰሻል። ወሬው ሞጣ ድረስ መድረሱ ስለማይቀር፣ ከሌላ ሰው አፍ ቀድሞ ከእኔ እንድትሰሚው ነው ይህን የጻፍሁት።

እናቴ ሞጣ ድረስ ሄደው እግርሽ ላይ ልውደቅ ይላሉ። መንገዱ ያንገላታቸዋል ብል አልሰማ አሉ። ሽማግሌ እንላክ የሚሉም አሉ፤ እኔ እንቢ ብያለሁ። ሽማግሌ ደጅሽ ከቆመ እንቢ ማለት ያሳፍርሻል፤ እስከ ዛሬ በኀፍረት የቻልሽው ይበቃል። ስለዚህ የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው። እናቴ በሚቀጥለው እሑድ ቢመጡ በርሽን ትከፍቺላቸዋለሽ? እኔ መኪናው ውስጥ ልቆይ ካልሽ እቆያለሁ፤ ከነጭራሹ አትምጣ ካልሽም ስጦታው ደግፎ ያስገባቸዋል። አይሆንም ካልሽም መብትሽ ነው፤ ለእናቴ እኔ አስረዳቸዋለሁ።

ስጦታውን ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄው መጣሁ፤ መንገዱ ተከፍቷል። አሁን ጥሩምባውን እየነፋ ነው። እናቴ ምን ልጻፍልዎ ብላቸው ረጅም ጊዜ አሰቡና፣ “አንድ ነገር ብቻ ጻፍ፤ ልጄ ብላሻለች በላት” አሉኝ። እንዳሉት ጽፌዋለሁ።

እመብርሃን ከደጅሽ አትራቅ። የእጅሽን ሥራ ትባርክልሽ፤ ዓይንሽን ትጠብቅልሽ። ቤታችሁን ሳቅ አይለየው።

ስጦታው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ባዶ እጁን ቢመጣም አልቀየምሽም፤ መልስ ለመጻፍ ብለሽ ሥራ እንዳትፈቺ። እኔ እንደ ሆንሁ ሰኞ እዚህ ቢቸና መናኸሪያው በር አጠገብ የምሠራው ሥራ አለኝ፤ እዚያው እውላለሁ።

ፋንታ