በክቡርነትዎ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለችው ነዶ

ለክቡር የክፍለ ግዛታችን የሄምፕ ፈቃድና ቁጥጥር ኮሚሽነር፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው እላለሁ። የወገብ ሕመምዎ ለቀቅ እንዳደረገዎት፣ ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ላይ ያየሁት አዲሱ የቆዳ ወንበርዎም እንደተመቸዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኦሌታ ክራብትሪ፣ የሟቹ የሆባርት ክራብትሪ ሚስት፣ በብራሽ ፎርክ ሸለቆ በክቡርነትዎ ፈቃድ ሄምፕ የማመርት የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ማሳዬ ግን በክቡርነትዎ ፊርማ ሞት ተፈርዶበታል፤ በመጪው ዓርብ ሸሪፉ ቆሞ እያየ ሦስቱን ኤከር በሙሉ በገዛ እጄ እንዳቃጥል ታዝዣለሁ። ይህን ደብዳቤ በካውንቲያችን ጋዜጣ ላይ የማወጣው በፖስታ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ብቻ ነው እንጂ፣ ክቡርነትዎን በሰው ፊት ለማሳጣት ከቶ አስቤ አላውቅም።

አንባቢም ነገሩ እንዳይጠፋው ሕጉን ባጭሩ ልጥቀስ። ሄምፕ ማለት፣ በደረቅ ክብደቱ ውስጥ ያለው ራስ የሚያዞር ንጥረ ነገር ከመቶ ዜሮ ነጥብ ሦስት ያልበለጠ የካናቢስ ተክል፣ ዘሩና ማንኛውም ክፍሉ ነው። ከዚያች ነጥብ ካለፈ ሄምፕነቱ ይቀርና የተከለከለ ዕፅ ይሆናል። ተክሉ ያው፣ ሥሩ ያው፣ አጥሩም ያው ሆኖ ማለት ነው። ማክሰኞ ዕለት የግብርና ምርት ሳጠጣ ውዬ ሐሙስ ማለዳ የወንጀል ፍሬ ስኮተኩት ልገኝ እችላለሁ። ንጥረ ነገሩ ተክሉ በበሰለ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን እንደሚጨምር ያስተማሩን ደግሞ ክቡርነትዎ ራስዎ ነዎት፤ ከመዝራታችን በፊት በሰጡን ሥልጠና፣ በትልቅ ሰሌዳ ላይ፣ በቀይ ቀለም። እኔም ታዛዥ ተማሪ ስለሆንኩ በደብተሬ ገልብጬዋለሁ።

ስለ ሥልጠናው ምስጋናዬን ካቀረብኩ በኋላ ቅሬታዎቼን በቁጥር እዘረዝራለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከሕጉ ተረድቻለሁና።

አንደኛ። ናሙና ሰብሳቢዎ ማሳዬ የሚመጣው ኦገስት ሃያ አንድ እንደሆነ በማኅተም በተደገፈ ወረቀት ነግረውኝ ነበር። ናሙና ሳይወሰድ አንዲት ዘለላ እንኳ ማጨድ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በዚያ ቀን ማለዳ ተነሥቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ውሻውን አስሬ ጠበቅሁ። የመጣ ሰው የለም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ጎረቤቴ ቨርነን ታከት በአጥሩ ላይ ተደግፎ «ኦሌታ፣ ሰውየው እስኪመጣ ያ ነገር በስሎ ራሱ እየዘፈነ ይወጣል። እስር ቤት ከገባሽ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ማን ሊያስተምራቸው ነው? እኔ መዝሙር አልችልም!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔ ግን በሕግ አምናለሁና ጠበቅሁ። ናሙና ሰብሳቢው አቶ ዴል ሆስኪንስ የመጣው በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነው።

አቶ ሆስኪንስ መልካም ሰው ነው፤ በእርሱ ቅር አልተሰኘሁም። በረዶ የገባበት ጣፋጭ ሻይ ቀድቼለት በረንዳው ላይ ሲቀመጥ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ ወይዘሮ ኦሌታ። ሁላችንንም ለኮሚሽነሩ ዐውደ ርዕይ ድንኳን ትከሉ ብለው ወሰዱን። ከዚያ ወዲህ የተቆለለውን ሥራ ገና አሁን ነው የደረስኩበት» አለኝ። እርሻችንን የሚመረምሩት ሰዎች በሙሉ፣ እርሻችንን ምን ያህል እንደሚወዱ ለሕዝብ ለማሳየት ድንኳን ሲተክሉ እንደነበር በዚህ ተረዳሁ። ለዚህ ፍቅርዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። የምርመራው ውጤት ዜሮ ነጥብ አራት አንድ ሆነ። ወረቀቱ ላይ ስሜ በትክክል ተጽፏል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ከሥሩ ግን «ባለፈቃዷ በወቅቱ ባለማጨዳቸው» የሚል ተጨምሮበታል። እንዳላጭድ ከከለከሉኝ በኋላ ባለማጨዴ ተቀጣሁ ማለት ነው። ሆባርት በሕይወት ቢኖር ይህን ሁለት ጊዜ አንብቦ ባርኔጣውን መሬት ላይ ይጥል ነበር። እኔ ባርኔጣ ስለሌለኝ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። ከማሳው ጀርባ ያለውን የትምባሆ ማድረቂያ ጎተራ የሠራው አባቴ ነው። ትምባሆ መትከል ካቆምን ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ባዶውን ቆሟል። ዘንድሮ ግን በየማገሩ ሄምፕ ሊሰቀል ነው ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ላይ ወጥቼ አቧራና የሸረሪት ድር ጠርጌያለሁ። ሦስቱ ኤከር ከተቃጠለ ለሚመጣው ዓመት የምዘራበት አቅም የለኝም፤ መሬቱን የሚሸጥ ሁሉ እንደሚሸጠው ለቤት ሠሪዎች እሸጠዋለሁ፣ ጎተራውንም ያፈርሱታል። ይህ ያሳዝነኛል። ሌሊት ሌሊት ያስለቅሰኛል ብል እንኳ አልዋሸሁም።

ሦስተኛ። ደብዳቤዎቼ መልስ ቢያጡም ስልኬ አንድ ቀን ተነሥቷል። ያነሣችው የቢሮዎ ሠራተኛ ትሁት ናት። እንደገና ይመርመርልኝ ብላት፣ «ወይዘሮ ክራብትሪ፣ የበሰለውን ተክል መልሰን ብንመረምረው ምን ይፈይዳል? በቀጠሮው ቀን የተቆረጠ፣ ከዚያ ወዲህ እርስዎ ያልነኩት ናሙና ቢኖር ኖሮ ሕጉ ይፈቅድ ነበር፤ እርሱን ደግሞ ከየት ያመጡታል?» አለችኝ። እኔም እውነትሽን ነው ብዬ፣ አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ከየትም ላመጣው አልችልም ብዬ አሥር ቀን ሙሉ አመንኩ።

ከዚያ ባለፈው ሐሙስ ጋዜጣው መጣ። ክቡርነትዎ በአዲሱ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ በፊት ገጽ ላይ ወጥቷል፤ አምሮብዎታል። ከጀርባዎ ግድግዳው ላይ፣ ከዲፕሎማዎ በታች፣ አንዲት የደረቀች ነዶ ተሰቅላለች።

እኛ የትምባሆ ሰዎች ነን፣ ክቡር ሆይ። ቅጠሉ ደርቆ ለገበያ ሲወጣ በጭብጥ በጭብጡ አድርገን፣ አንዱን ቅጠል አጥፈን አንገቱ ላይ እንጠመጥምለታለን። አጠማጠሙ ከቤት ቤት ይለያል። ታከቶች በቀኝ ጠምጥመው ጫፉን ወደ ላይ ያወጡታል፤ እኛ ክራብትሪዎች ሁለት ጊዜ በግራ ጠምጥመን ወደ ታች እንሸጉጠዋለን። በዚህ ሸለቆ ያደገ ሰው ነዶ አይቶ ያሰረውን ቤት ለመናገር መነጽር አያስፈልገውም። ቨርነን ጋዜጣውን ገና ሲያየው፣ «ኦሌታ! ያንቺ ነዶ ከኮሚሽነሩ ጭንቅላት ጀርባ ምን ይሠራል?» ብሎ ከአጥሩ ማዶ ጮኸ።

የሚሠራውን ላስታውስዎ። ዐውደ ርዕዩ በተከፈተ ዕለት፣ ማለትም በዚያው በኦገስት ሃያ አንድ፣ ቢሮዎ ከየማሳችን አንድ ነዶ ቆርጠን ለጌጥ እንድናመጣ በልዩ ፈቃድ በደብዳቤ ጠይቆን ነበር። ናሙና ሰብሳቢ እስከ ቀትር ጠብቄ ሲቀር፣ ነዶዋን በክራብትሪዎች አስተሳሰር አስሬ፣ ድንኳኑ ድረስ ይዤ መጥቼ ለክቡርነትዎ በእጅዎ ሰጠሁ። የቢሮዎ ሰዎችም የማሳዬን ቁጥርና ቀኑን ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው አንገቷ ላይ ወረቀት አንጠለጠሉባት። ወረቀቷ በፎቶግራፉ ላይም ትታያለች። እርስዎም አሽትተዋት፣ «ቢሮዬ እሰቅላታለሁ፣ የገበሬዎቼ መታሰቢያ ትሁነኝ» አሉኝ። ቃልዎን ጠብቀዋል፤ ሹም ቃሉን ሲጠብቅ ማየት ብርቅ ነውና ልቤ ተነክቷል።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቀጠሮው ቀን የተቆረጠች፣ ከዚያ ወዲህ እጄ ያልነካት፣ በራስዎ ማኅተም የተረጋገጠች ናሙና ከሁሉ በላይ በሚታመን ቦታ ተቀምጣለች። ከዓርብ በፊት ከግድግዳዎ አውርደው ለምርመራ ይላኩልኝ። አቶ ሆስኪንስ መጥቶ ለመውሰድ ፈቃደኛ ነው፤ ጠይቄዋለሁ፤ ከሳቁ ሲመለስ እሺ ብሎኛል።

የክቡርነትዎን ዕድሜ እንዲያረዝም፣ ወገብዎን እንዲያበረታ፣ ወንበርዎንም እንዲያጸናልዎ ዘወትር እየጸለይኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በፈቃድዎ የተከልኩ፣ በትእዛዝዎ የጠበቅሁ፣ በፊርማዎ የማቃጥል፣
ኦሌታ ክራብትሪ
ብራሽ ፎርክ

ማስታወሻ፦ ነዶዋ ከነጥቧ በታች ከሆነች ማሳዬ በቀጠሮው ቀን ሄምፕ ነበርና ዓርብ ዕለት የማጭድ እንጂ የማቃጥል አይደለሁም። ከነጥቧ በላይ ከሆነች ግን፣ «ማንኛውም ክፍሉ» በሚለው በራስዎ ሕግ መሠረት፣ ክቡርነትዎ የተከለከለ ዕፅ ከዲፕሎማዎ ሥር ሰቅለው አንድ ወር ሙሉ አገር አስተዳድረዋል ማለት ነው። ሸሪፉም ይህን ጋዜጣ ያነባል። ወደ እኔ ማሳ የሚመጣበት መንገድ በቢሮዎ በር በኩል ስለሚያልፍ፣ መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ ጎራ እንዲል ነግሬዋለሁ። ስለ ክብሪት አያስቡ፣ ሰጥቼ ልኬዋለሁ።